ቀኑን ተይው፣ ማታውን አስቢበት

«ይድረስ ለእትዬ፤ ዕድሜዬ 39 ነው። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ የምሠራውም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ተፋታን፤ ልጅ የለንም። እርስዎ ጃፓን እንደተማሩ በዚሁ ዓምድ ስላነበብኩ ነው የምጽፍልዎት። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ወደ ጃፓን የተራራ መንደሮች ለመሄድ ተነጋግረን ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ቪዛውም አልቋል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። ኦክቶበር 28 ቶኪዮ ገብቼ ኖቬምበር 9 ከኦሳካ እመለሳለሁ፤ በ12 ሌሊት 9 ከተማ ነበር ያቀድነው። አሁን ጓደኛዬ በቤተሰብ ጉዳይ ቀረች። ደሴ ያለችው እናቴ ብቻዬን እንደምሄድ ስትሰማ ‹ምን ጎድሎሽ ነው ባዕድ ተራራ ላይ ብቻሽን የምትንከራተቺው፤ ፍቺው አሳበዳት ሊያሰኙኝ ነው› ብላ አለቀሰች። እኅቴም ገንዘቡን ለእናታችን ብትልኪው ይሻላል ትለኛለች። ከፍቺው ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ብቻዬን መሆን ይከብደኛል። የጽጌን ጾም እጾማለሁ፤ ዓሣም አልበላም። እጄ ላይ የመስቀል ንቅሳት ስላለኝ ፍል ውኃ አያስገቡሽም ብለውኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ግራ የገባኝ፣ ከፍራንክፈርት»

እኅቴ፣ ሂጂ።

መልሱን መጀመሪያ ያስቀመጥኩልሽ ታች ድረስ ስትፈልጊው እንዳትቆዪ ብዬ ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ አለቀሱ፣ እኅትሽ ስለ ገንዘቡ ተናገረች፣ ጓደኛሽ ቀረች፤ ሁሉም እውነት ነው። ልብሽን የያዘው ግን መሐል ላይ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነገር ይመስለኛል፤ ማታ ማታ ብቻዬን መሆን ይከብደኛል ያልሽው። ስለዚህ ስለ ቅጠሉና ስለ ተራራው ከማንሣታችን በፊት ስለ ማታው እናውራ። ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት የጃፓን ተራራ በመኸር የሚያምረውም የሚከብደውም ማታ ነው። (ሰዓቱን ሁሉ በጃፓኖቹ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፤ ፍራንክፈርት ለምደሽዋልና አያስቸግርሽም።)

አንቺ በምትሄጂበት ሰሞን ፀሐይ ከ5 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ሸለቆ ውስጥ ከሆንሽ ከዚያም ቀድማ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። ቀን ሰው ሲተራመስበት የዋለ መንገድ አውቶቡሶቹ እንደሄዱ ጭር ይላል፣ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ይስባሉ። ከዚያ አንድ ድምፅ ትሰሚያለሽ። የጃፓን ገጠር ከተሞች ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ የተተከለው ለመሬት መንቀጥቀጥና ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። መሥራቱን ለማረጋገጥም፣ ልጆች ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ለማሳሰብም፣ በብዙ ቦታ በየቀኑ ማታ 5 ሰዓት ላይ ቀስ ያለ የልጆች ዜማ ይለቁበታል። ዜማው ከተራራ ተራራ እየተቀባበለ ይሄዳል። የመጀመሪያ ቀን ስሰማው እግሬ መንገድ ላይ ቀረ። ሁሉም ወደየቤቱ እየተጠራ እኔን የሚጠራኝ የጠፋ ያህል ነው የተሰማኝ። ይህ ስሜት አንቺንም ያገኝሻል። ሲያገኝሽ «መምጣት አልነበረብኝም» አትበዪ። የሰዓቱ ነገር ነው፤ እራት ሲቀርብና ሰው አጠገብሽ ሲቀመጥ ይለቅሻል። ጥያቄው እራቱን የሚያቀርብልሽ ሰው አለ ወይ ነው።

የራሴን ላጫውትሽ። የመጀመሪያውን የብቻ ጉዞዬን ያደረግሁት አባቴ ባረፈበት ዓመት ነው። መርዶው የደረሰኝ ናጎያ ተማሪ ሳለሁ ነበር፤ ለቀብሩም ለሠልስቱም አልደረስኩም። ድንኳን የሌለው፣ ለቀስተኛ የማይመጣበት ሐዘን ምን እንደሆነ ስደተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ ሲያቅተኝ ኪሶ ሸለቆ ውስጥ ትሱማጎ የምትባል መንደር ውስጥ አንድ ሚንሹኩ ያዝኩ። ሚንሹኩ ቤተሰብ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ጥቂት ክፍል ለእንግዳ የሚያከራይበት ማረፊያ ነው፤ እራትና ቁርስ ከመኝታው ጋር አብሮ ይታሰባል። ከመንደሩ በታች ያለው ናጊሶ ጣቢያ ስወርድ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። አራት ኪሎ ሜትር ያህል በጨለማ በእግሬ ሄድኩ፤ ስልክ ደውዬ እንደምዘገይ አልተናገርኩም። ስደርስ የቤቱ እናት የእጅ ባትሪ ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆሙ አላውቅም። እራቱ ተሸፍኖ ይጠብቀኛል፣ የመታጠቢያው ውኃ በኔ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተሞቋል። አልተቆጡኝም፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኚያ ሴት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ካኪ ይልጡ ነበር። ካኪ ቲማቲም የሚያህል ብርቱካንማ ፍሬ ነው፤ እሳቸው የሚልጡት ዓይነት ጥሬውን ቢበሉት ምላስ የሚያደርቅ፣ ሲደርቅ ግን የሚጣፍጥ ነው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ቢላዋ ሰጡኝ፤ ስለቱን ወደ ራሳቸው አዙረው፣ በሁለት እጃቸው። እኛ ለታላቅ ሰው ዕቃ ስንሰጥ ክንዳችንን ደገፍ እንደምናደርገው ማለት ነው፤ ታላቋ ግን እሳቸው ነበሩ። ፍሬውን ልጠው ከግንዱ ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ ያስቀራሉ፤ ገመዱ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ እንዳይሻግት ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከር አድርገው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይሰቅሉታል፣ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ። ከሳምንት በኋላ ቆዳው ሲጠነክር በየጊዜው በጣት ያሹታል። የኔ ልጥ ወፍራም ነበር፤ እሳቸው እያዩ ዝም አሉኝ። የእኔ ጃፓንኛ ደካማ ነበር፣ የእሳቸው ደግሞ የሀገር ቤት ዘዬ ነው፤ ብዙ አላወራንም። ሲመሽ የድምፅ ማጉያውን ዜማ አብረን ሰማነው። ከአባቴ መርዶ ወዲህ ሳላለቅስ ያመሸሁት ያን ቀን ነው።

ይህን የነገርኩሽ አንቺም ካኪ የሚያስልጥሽ ሰው ታገኛለሽ ብዬ አይደለም፤ ላይገጥምሽ ይችላል። ጉዞ ፍቺን ይሽራል ብዬም አልዋሽሽም። የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ጉዞ ትልቁ ምርጫሽ ምን ታያለሽ ሳይሆን የት ታድሪያለሽ ነው። በሩ በቁጥር የሚከፈት፣ ባለቤቱ የማይታይ የኪራይ ክፍል መንደር ውስጥ አትያዢ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ጨለማው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ያንቺ ብቻ ይሆናል። መንደር ውስጥ ስታድሪ ሁልጊዜ እራት ያለበት ቤት ያዢ። ለዚያውም በነዚህ መንደሮች ማታ የሚበላበት ሌላ ቦታ የለም ማለት ይቀላል። ለሰው ከ10,000 የን በላይ ይጠይቁሻል፤ ሁለት ማዕድ እንዳለበት አስቢው። ስትደርሺ ቅጠልያ ሻይ ይቀርብልሻል፣ ከ5 ሰዓት በፊት ገብተሽ ልብስሽን ትቀይሪያለሽ፣ በተራሽ ትታጠቢያለሽ፣ በ6 ሰዓት ከሌሎች እንግዶች ጎን ትበያለሽ። ብቻዋን የመጣች ሴት እዚያ ብርቅ አይደለችም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ላደግን ለኛ ብቻ መብላት ያሳፍራል፤ እዚያ ግን ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂ። ማረፊያ ቤቶቹ የሚያስከፍሉት በሰው ስለሆነ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ክፍል ለአንድ ሰው መስጠት አይመቻቸውም፤ በተለይ በቅዳሜ ማታና በበዓል። «ለአንድ ሰው የለም» ቢሉሽ በቆዳ ቀለምሽ ወይም በሴትነትሽ አትተርጉሚው። ኖቬምበር 3 የባህል ቀን የሚባል ብሔራዊ በዓል ነው፣ ሀገሩ ሁሉ ቅጠል ለማየት ይወጣል። ስለዚህ መንደር ውስጥ ቅዳሜ ወይም ኖቬምበር 3 ከዋለብሽ፣ የዚያን ሌሊት ማደሪያ ከሁሉ አስቀድመሽ ፈልጊ። አሁኑኑ ያዢ፤ ነገ አትበዪ።

አሁን ወደ 9 ከተሞችሽ። ኒኮ፣ ናጋኖ፣ ማትሱሞቶ፣ ታካያማ፣ ሺራካዋጎ፣ ካናዛዋ፣ ናራይ፣ ትሱማጎ፣ ኮያ ብለሽ የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት። ሁሉም ጥሩ ቦታ ነው። በ12 ሌሊት ግን የምታዪው የባቡር መስኮትና የሻንጣ ዚፕ ነው። አምስቱን ሰርዣቸዋለሁ። ታካያማን ስሰርዝ እጄ ከብዶኛል፣ የእንጨት ቤቶቹና የጠዋት ገበያዎቹ ይወደዱልኛል፤ ሆኖም ያ ለሌላ መኸር ይሁን። ሺራካዋጎም ቢሆን በዚህ ወቅት ቀን ቀን ከሰው ብዛት አያስቆምም። የቀረው ይህ ነው፦ ቶኪዮ 2 ሌሊት፣ ማትሱሞቶ 3፣ ናራይ 1፣ ትሱማጎ 3፣ ኮያ 2፣ የመጨረሻዋ ሌሊት ኦሳካ።

ማትሱሞቶ ጥቁር ግድግዳ ያለው የድሮ ግንብ ያላት፣ በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት። ከቶኪዮ ሺንጁኩ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፋል። ሦስት ሌሊት የሰጠሁሽ አንደኛውን ቀን ሙሉ ለካሚኮቺ እንድታውዪው ነው። ካሚኮቺ 1,500 ሜትር ላይ ያለ የወንዝ ሜዳ ነው፤ የግል መኪና አይገባም፣ በባቡርና በአውቶቡስ ነው የሚደረሰው። በኖቬምበር 15 ለክረምቱ ስለሚዘጋ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመሽ ነው የምትደርሺው። እዚያ ካራማትሱ የሚሉት ጥድ አለ፤ እንደኛ ጥድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ አይሆንም፣ መርፌ ቅጠሉ ወርቃማ ሆኖ ይረግፋል። ነፋስ ሲመጣ ትከሻሽ ላይ ይዘንባል። ከታይሾ ኩሬ እስከ ካፓ ድልድይ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው። ኩሬው የተፈጠረው በ1915 ያኬዳኬ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወንዙን ሲገድበው ነው፤ በውኃው ውስጥ ደርቀው የቆሙ የዛፍ ግንዶች ታያለሽ። ማታ ማትሱሞቶ ተመልሰሽ የቆየ ቡና ቤት ግቢ። ዝርዝሩ ላይ «ሞካ» የሚል ካየሽ የኛ ቡና ወይም የየመን ነው፤ ጃፓኖች ሁለቱንም በዚያ ስም ይጠሩታል። «ሞካ ሲዳሞ» የሚል ካለ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ከማትሱሞቶ ሳትወጪ ሁለት ነገር አድርጊ። ትልቁን ሻንጣሽን በታክዩቢን፣ ማለትም በቤት ለቤት የዕቃ መላኪያ፣ በቀጥታ ኦሳካ ወዳለው ሆቴልሽ ላኪው፤ የሆቴሉ ሰዎች ይጽፉልሻል። መንደሮቹ ውስጥ ጎማ ያለው ሻንጣ ድንጋይ ላይ ስትጎትቺ የሚሰማው ድምፅ ራሱ ያሳፍራል፤ ጀርባሽ ላይ የምትይዢው ይበቃሻል። ሁለተኛ፣ ጥሬ ገንዘብ አውጪ። የሰቨን ኢለቨን ሱቆች ማሽን የውጭ ካርድ ይቀበላል፤ ወደ ሸለቆው ከገባሽ በኋላ ግን በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚያስተናግድ ቤት ይበዛል። የባቡር ማለፊያ ካርዱን አትግዢው። በኦክቶበር 2023 የሰባት ቀኑ ዋጋ ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ዘሏል፤ በዚህ መንገድ ያን ያህል አትሄጂበትም።

ኪሶ የጉዞሽ ልብ ነው። በድሮ ዘመን ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ በተራራው በኩል እስከ ኪዮቶ የሚወስድ ናካሴንዶ የሚባል መንገድ ነበር፤ 69 የመንገደኛ ማደሪያ ከተሞች ነበሩት። ናራይና ትሱማጎ ከነሱ መካከል ናቸው። የደሴ ልጅ ስለሆንሽ እንዲህ ብልሽ ይገባሻል፦ መንገዱ ከበር በር ነው የሚያልፈው፣ እንደ ጣርማ በር። ከፍታው አያስፈራሽ፤ የምትሻገሪው ማጎሜ በር 790 ሜትር ገደማ ነው፣ አንቺ ያደግሽበት ጦሳ ሥር ያለው ከተማ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ናራይ አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ መንገድ ናት፤ ግራና ቀኝ የጠቆረ እንጨት ቤት፣ በየመሐሉ ከተራራው የሚወርድ የምንጭ ውኃ። ከናራይ ስትወጪ የምታልፊው ተራራ ውኃ ይከፍላል፤ ከወዲህ ያለው ወደ ጃፓን ባሕር፣ ከወዲያ ያለው የኪሶ ወንዝ ሆኖ ወደ ፓሲፊክ ይወርዳል። በዚያ መስመር ተራው ባቡር አንዳንዴ እስከ ሁለት ሰዓት ያስጠብቃል። ሰዓቱን ከማታ ጀምረሽ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ የመጨረሻውን አውቶቡስም እንዲሁ። እኔ የሠራሁትን ስሕተት አትድገሚው።

ትሱማጎ ሦስት ሌሊት ተኚ። የመንደሩ ሰዎች ወጣቱ እየወጣ ቤቶቹ ሲፈርሱ አይተው፣ በ1968 ማደስ ጀመሩ፤ በ1971 ደግሞ ቤቶቻችንን አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም ብለው ቃል ተገባቡ። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከቤቶቹ ጀርባ ተደብቋል፤ ቀን ቀን በዋናው መንገድ መኪና አይሄድም። ማታ የቀን ጎብኚ ሁሉ ሲሄድ የምትቀሩት ያደራችሁት ብቻ ናችሁ። የወረቀት መብራት ከቤቱ በር ላይ ሲበራ፣ እርምጃሽ ለራስሽ ሲሰማሽ፣ ያ ሰዓት የፈራሽው ሰዓት ነው። ካባ ደርበሽ ውጪና አንድ ጊዜ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄደሽ ተመለሺ፤ ቤት ውስጥ ኮታትሱ ይጠብቅሻል፣ ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ነው፣ እግርሽን ትከቺበታለሽ። የእንጨት ቤት ስለሆነ ኮሪደሩ ይበርዳል፤ ወፍራም ካልሲ ያዢ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ማጎሜ ውጪና ወደ ትሱማጎ በእግርሽ ተመለሺ፤ ማጎሜ ከፍ ያለ ስለሆነ በዚህ አቅጣጫ ዳገቱ ያንሳል። 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀስ ብለሽ ሦስት ሰዓት። መሐል ላይ በጎ ፈቃደኞች ለመንገደኛ ሻይ የሚያፈሉበት አሮጌ ቤት አለ፤ ወለሉ መሐል ምድጃ ይነዳል፣ ጣሪያው በጢስ ጠቁሯል። ገብተሽ ስትቀመጪ ሽታው የአያትሽን ማጀት ያስታውስሻል። በመንገድ ላይ ጎሄይ ሞቺ ብዪ፤ የተቀጠቀጠ ሩዝ በእንጨት ተሰክቶ፣ ብዙ ጊዜ ለውዝ መሰል የጫካ ፍሬ በገባበት ድልህ ተቀብቶ የሚጠበስ ነው። ድንጋይ በተነጠፈበት ቁልቁለት ላይ እርጥብ ቅጠል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ጫማሽ የሚይዝ ይሁን።

ስለ ድብ አልደብቅሽም። መኸር ድቦች ለክረምቱ የሚሰቡበት ወቅት ነው፤ የጫካው ፍሬ ባልያዘበት ዓመት ወደ መንደር ይወርዳሉ። በ2025 መኸር በሰው ላይ ያደረሱት ጉዳት ከወትሮው እጅግ የከፋ ስለነበር በሰሜን፣ በአኪታ፣ የመከላከያ ኃይሉ ሳይቀር ለእርዳታ ተጠርቷል። በማጎሜ መንገድ ላይ በየርቀቱ ደወል ተሰቅሏል፤ ስታልፊ እያንዳንዱን ደውዪው፣ ቦርሳሽ ላይም ትንሽ ደወል እሰሪ። ጆሮሽ ላይ ሙዚቃ አታድርጊ። ከረፋዱ በፊትና ከ3 ሰዓት በኋላ ጫካ ውስጥ አትገኚ። ጠዋት የቱሪስት ቢሮው መንገዱ ተዘግቷል ካለሽ ተዘግቷል፤ በአውቶቡስ ተመለሺ። በጫካው መንገድ ላይ ብቻሽን ከመሄድ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር መጠጋት ነውር የለውም። ሌሊት በመንደሩ መንገድ ላይ ከሰው የሚመጣ አደጋ ግን ከፍራንክፈርት ጣቢያ አካባቢ ያነሰ ነው ብዬ ሳላመነታ እነግርሻለሁ።

ስለ ንቅሳትሽ። በጃፓን ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ የሕዝብ ፍል ውኃ ቤቶች ብዙዎቹ አያስገቡም፤ የእጅ መስቀል መሆኑን ሊያውቁ አይችሉም። ትንሽ ከሆነ በቆዳ ቀለም ፕላስተር መሸፈን ብዙ ቦታ ይበቃል። ካልሆነ «ካሺኪሪ» ብለሽ ጠይቂ፤ ለብቻሽ የሚከራይ መታጠቢያ ነው። በሚንሹኩ ደግሞ ችግሩ አይነሣም፣ በተራ በር ዘግታችሁ ነው የምትታጠቡት። ገንዳው ለመዘፍዘፊያ እንጂ ለሳሙና አይደለም፤ ውጭው ላይ ታጥበሽ ጨርሰሽ ግቢ፣ ስትወጪም ውኃውን አትድፊው፣ ከኋላሽ ሌላ ሰው አለ። ሹሩባሽን ወደ ላይ ጠቅልለሽ እሰሪው፤ ውኃው መንካት የለበትም፣ በዚያ ብርድም አይደርቅልሽም።

ጾሙ ከሁሉም የሚከብድሽ ነው፤ ምክንያቱ ሥጋው አይደለም፣ ዳሺ ነው። ዳሺ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው፤ ሾርባው ውስጥ፣ የአትክልቱ ወጥ ውስጥ፣ የሶባው መረቅ ውስጥ አለ። «አትክልት ብቻ» ብትዪ ጎመኑን በዳሺ ቀቅለው በቅን ልብ ያቀርቡልሻል። ስለዚህ ክፍሉን ስትይዢ፣ በዚያኑ ዕለት፣ በጃፓንኛ አስጽፈሽ ላኪላቸው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ ዳሺ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም፤ የባሕር ቅጠልና የእንጉዳይ ዳሺ እበላለሁ። አንዳንዱ አንችልም ይልሻል፤ ያ ከማፈር ይሻላል፣ ሌላ ፈልጊ። ከደረስሽ በኋላ አትናገሪ፤ ሴትየዋ ከቀትር ጀምራ ያዘጋጀችውን መመለስ ይሆንብሻል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ መንገደኛ ሆነሽ ምን ያህል እንደምትይዢው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ እንጂ እኔ አልነግርሽም።

ኮያን በዝርዝሩ ያስቀረሁት በዚሁ ምክንያትም ነው። ከትሱማጎ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ትጓዢያለሽ፤ በናጎያና በኦሳካ በኩል፣ መጨረሻው ላይ ተራራውን በገመድ በሚሳብ ባቡር ትወጪያለሽ። 800 ሜትር ላይ ያለች የገዳም ከተማ ናት፤ ኩካይ የተባለው መነኩሴ በ816 የመሠረታት። 50 ያህል የቡድሃ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ። ምግባቸው ሾጂን ሪዮሪ ይባላል፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። መረቁ ከባሕር ቅጠልና ከእንጉዳይ ነው፤ ከሰሊጥ የሚሠሩት እንደ እርጎ የረጋ ምግብ አለ፣ እሱን ቀስ ብለሽ ብዪው። ወተትና እንቁላል እንዳይገባ ግን እዚያም ቀድመሽ ጻፊ። ጠዋት በ6 ሰዓት ገደማ ጸሎት አላቸው፤ መግባት ግዴታ አይደለም፣ ብትገቢም ከኋላ ተቀምጦ ማዳመጥ ይበቃል። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሄደው የመቃብሩ መንገድ በግዙፍ ዝግባ መሰል ዛፎች መካከል ነው፤ ከ200,000 በላይ መቃብር አለበት። ማታ መነኩሴ እየመራ እንግዶችን በቡድን የሚወስድበት ጊዜ ስላለ እሱን ያዢ፤ እዚያ ብቻሽን አትሂጂ።

ኮያ ላይ ሌላም የሚነካሽ ነገር አለ። ሴቶች ወደ ቅድስቲቱ ከተማ እንዳይገቡ የተከለከለ ነበር፤ መንግሥት ክልከላውን ያነሣው በ1872 ነው። እስከዚያ ድረስ ሴቶቹ በተራራው ዙሪያ ባለ መንገድ እየዞሩ ከሩቅ ይሳለሙ ነበር፤ ያረፉበት የሴቶች አዳራሽ አንዱ ዛሬም ቆሟል። ደብረ ዳሞ ሥር ቆመው የወጣውን ሰው ለሚጠብቁ እናቶቻችን ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። እኔ እዚያ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ።

ስለ ገንዘቡ እኅትሽ ክፉ አስባ አልተናገረችም። የእናትሽን ድርሻ ነጥለሽ አስቀምጪ፤ ከመንገድሽ በፊት ላኪላቸው። የቀረው በወገብሽ ያመጣሽው ነው፤ የሰው አባትና እናት ስታነሺ ስታስቀምጪ የዋልሽበት። ቲኬቱን ብትመልሺም ገንዘቡ ያን ያህል አይመለስልሽም።

እናትሽን ግን በጉዞው አታታልያቸው። «ጓደኛዬ አብራኝ አለች» ብለሽ አትዋሺ፤ አንድ ቀን በስልኩ መሐል ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የምትነግሪያቸውን ሁሉ ይጠራጠራሉ። የምታድሪባቸውን ቤቶች ስምና ስልክ፣ ቀኑን በኛ አቆጣጠር አድርገሽ (ከጥቅምት 18 እስከ 30 ነው የሚውለው)፣ በወረቀት ጽፈሽ በእኅትሽ በኩል አድርሺላቸው። አይደውሉበትም፣ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀምጡታል።

የስልኩን ሰዓት ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከሌላው በስድስት ሰዓት አሳንሰን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ፣ በጃፓን ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና እናትሽ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ቁጥር ያሳያሉ። በአባቴ መርዶ ዓመት ነው ይህን ያስተዋልኩት፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ምን እያደረገች እንደሆነ ለማወቅ የክፍሌን ሰዓት ቀና ብዬ አያለሁ። በመንደሩ የማታው ዜማ 5 ሰዓት ላይ ሲለቀቅ ደሴም 5 ሰዓት ነው፤ ረፋድ፣ ፀሐይ፣ ምናልባትም ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ። ያኔ ደውዪላቸው። ስልኩን ከፍ አድርገሽ ያዢና ዜማውን አሰሚያቸው፤ ከዚያ ምን በላሽ ይሉሻል፣ እራት ገና ነው በያቸው፣ በ6 ሰዓት ነው የሚቀርበው።